በሕግ አምላክ እንበል

ሰው ነጋዴውን ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያምን አዲስ አበባ ላይ ያስያዘው የተጠለፈ ስልክ አይደለም፤ ስውር መርማሪም አይደለም። ሊቢያ ውስጥ በዚህ ሰው እጅ ወድቆ የነበረ አንድ ወጣት በ2012 ዓ.ም. መንገድ ላይ ዐየው፤ ለየው፤ ለፖሊስ አመለከተ። በኒ ወሊድ በምትባለው የሊቢያ ከተማ መጋዘን ውስጥ ታጉረው ከተገረፉት የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ ልጆች መካከል ስሙን ሲሰሙ የሚሳቀቁ ብዙ ናቸው። ፖሊስ ያዘው፤ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው፤ ምስክሮች ፍርሃታቸውን ውጠው ችሎት ፊት ቆሙ። ከዚያ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ተከሳሹ በፖሊስ ጥበቃ ሥር ሳለ ከፍርድ ቤት አምልጦ ሄደ። ፍርድ ቤቱ በሌለበት ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ሰውየው እንደገና የተያዘው ግን ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ፣ በሌሎች አገሮች ፖሊሶች ዘመቻ ነው።

ሰውየው ባመለጠበት ዕለት ለፖሊስ የጎደለው የትኛው ሥልጣን ነበር? የመያዝ ሥልጣን ነበረው፤ ይዞታል። የማሰር ሥልጣን ነበረው፤ አስሯል። ሕግም አልጠፋም፤ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የጸደቀው በዚያው እርሱ በተያዘበት ዓመት ነው። የጎደለው ጠባቂውን የሚጠብቅ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ጥሪ የምጽፈው አንድ ነገር አጥብቄ ስለማምን ነው፦ ማንም የማይቆጣጠረው ሥልጣን ይሸጣል። ሻጩ መርማሪ፣ ጠባቂ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይም አለቃ ሊሆን ይችላል፤ ዋነኛው ገዥ ግን ጥሬ ገንዘብ የተትረፈረፈው የወንጀል ቡድን ነው። ድሃው ተጠርጣሪ የሚገዛበት ስለሌለው ታስሮ ይቀራል። ጸጥታንና ሰብአዊ መብትን በሚዛን ግራና ቀኝ አስቀምጠው "ከዚህኛው እንቀንስና ለዚያኛው እንጨምር" የሚሉንን አንቀበላቸው። የታሳሪ መብት የምንለው ነገር ፖሊስ ማንን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንደያዘ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥና ለዳኛ እንዲያሳይ ያስገድደዋል። ባለ ገንዘቡ ወንጀለኛ በጓሮ በር እንዳይወጣ የሚያግደውም ያው ጽሑፍና ያው ዳኛ ነው።

የወንጀሉ ክብደት ጠፍቶኝ አይደለም። ስልክ በሌሊት ይጮኻል፤ እናት ታነሣለች። መጀመሪያ የልጇ ድምፅ፣ ቀጥሎ የማታውቀው ሰው ድምፅ፣ ቀጥሎ የገንዘብ መጠንና የባንክ ሒሳብ ቁጥር። በማግሥቱ ጎረቤት ይሰበሰባል። ላም ይሸጣል፤ መሬት በኮንትራት ይሰጣል፤ ወርቅ ከጆሮ ይወልቃል። የልጁ ፎቶ በባነር ታትሞ፣ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ተጭኖ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ መስጊድ በር ይለመናል። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት የወራት ደመወዟን ትልካለች፤ ዋሽንግተን ያለው የአጎት ልጅ በሐዋላ ይጨምርበታል። ገንዘቡ ገባ ሲባል ልጁ ለሌላ አጋች ተሽጦ ይገኛል፤ ስልኩም እንደገና ይጮኻል። አገር ቤትም ከዚህ አልዳነም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚጓዙ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ፤ ለወላጆችም ስልክ እየተደወለ ብር ተጠየቀ። ለልጃቸው የነበራቸው ሕልም ምረቃ ነበር።

ይህን የሚሠሩት ቡድኖች ሰንሰለት አላቸው። መንደር ውስጥ መልማዩ ደላላ አለ፤ መተማ ወይም ሞያሌ ላይ አሻጋሪው አለ፤ በረሃው ውስጥ አጋቹ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብሩን የሚቀበለው፣ ሱቅና ሕንጻ አድርጎ የሚያጥበው አለ። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት በዱላና በፉጨት መበጠስ አይቻልም። ፖሊስ ስልክ መከታተል፣ የባንክ ሒሳብ ማየት፣ ቡድኑ ውስጥ ሰው ማስገባት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ፓሌርሞ ላይ ለፊርማ የቀረበው፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የተደራጀ ወንጀል ስምምነት እነዚህን ልዩ የምርመራ ዘዴዎች ይፈቅዳል። "መብት ይከበር" ስንል ፖሊስ ባዶ እጁን ይሂድ ማለታችን ከሆነ የዚያችን እናት ዐይን ማየት አንችልም።

መሣሪያው ይሰጥ። ግን እንዴት?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ 2017 ዓ.ም. በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ለመከላከል የወጣውን ሕግ አሻሽሎ አጸደቀ። ሕጉ በሽፋን ሥር የሚሠራ መርማሪ ለምርመራው ሲል በሚፈጽመው ወንጀል እንዳይጠየቅ ከለላ ይሰጣል፤ ከከለላው ውጭ የተደረገው የሰው ግድያ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። ከግድያ በታች ምን ምን አለ? ድብደባ አለ፤ አስገድዶ መድፈር አለ፤ ሰው ማገት አለ፤ ሐሰተኛ ሰነድ አለ። ስውር መርማሪው የቡድኑን እምነት ለማግኘት ጥቃቅን ጥፋት መሥራቱ አይቀርም፤ ይህን እረዳለሁ። ጥቃቅኑን ዘርዝሮ መፍቀድ ሲቻል ከግድያ መለስ ያለውን ሁሉ በአንድ ቃል መክፈት ግን ምርመራን አያጠነክርም። ነገ አንዲት ልጅ "መርማሪው ደፈረኝ" ብላ ብትመጣ የምንነግራት ምንድን ነው? ረቂቁ ሲቀርብ ስጋታቸውን የተናገሩ የምክር ቤት አባላት ነበሩ። እኛ የት ነበርን? እኔን ጨምሮ አብዛኞቻችን ዝም ብለን አሳለፍነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን አሁን እንናገር።

ይህች አገር እንዲህ ያለውን መንገድ ሄዳበታለች። የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲወጣ የተነገረን ቦምብ ስለሚያፈነዱ ሰዎች ነበር። አዋጁ ተጠርጣሪን በሃያ ስምንት ቀን ቀጠሮ እያመላለሰ እስከ አራት ወር ያለ ክስ ማቆየት ፈቀደ፤ የሰሚ ሰሚ ወሬን ማስረጃ አደረገ፤ ድንገተኛ ፍተሻን ከዳኛ እጅ አውጥቶ ለፖሊስ አለቃ ሰጠ። ከዚያ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማርያንና ጋዜጠኞች ተለቃቅመው ማዕከላዊ የምርመራ እስር ቤት ገቡ። ከዓመት በላይ ታስረው የሽብር ክሱ ሳይጸናባቸው ወጡ። የጠፋውን ዕድሜ ማን መለሰ? ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. እንዲዘጋ ተወሰነ፤ አዋጁም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ይህ ለውጥ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የጮኸ ሰው ስለነበረ የመጣ ነው። በኋላም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን ማንነታቸው ብቻ በቂ ምክንያት ሆኖባቸው የታሰሩ ወገኖቻችንን አይተናል። አዋጅ ሲወጣ ለማን እንደታሰበ መስማት አይበቃም፤ ላልታሰበለት ሰው ሲደርስ ምን እንደሚያደርገው መጠየቅ አለብን።

የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ገብቶ የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ቀን ይግባ። መርማሪው ቆሞ "ምርመራዬን አላጠናቀቅሁም፤ ቀሪ ምስክሮች አሉኝ፤ የቴክኒክ ማስረጃ ጠይቄያለሁ፤ 14 ቀን ይፈቀድልኝ" ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው መርማሪ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ይደግመዋል። ተጠርጣሪው እጁን ያወጣል፦ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቃሌን እንኳ አልተቀበሉኝም።" ዳኛው ዋስትና ይፈቅዳሉ፤ ቤተሰብ ተሯሩጦ ብሩን ያስይዛል፤ የመፍቻ ትእዛዝ ይዞ ጣቢያ ሲደርስ "ሌላ መዝገብ አለበት" ይባላል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሪፖርቶቹ ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ዋስትና ተፈቅዶ ያለመለቀቅ ነው። ደጅ ላይ ደግሞ ስንቅ ይዛ የመጣች እኅት አለች። ምሳ ዕቃው ከገባ ወንድሟ አለ ማለት ነው፤ "ይህ ስም እዚህ የለም" ተብሎ ከተመለሰ ግን ከጣቢያ ጣቢያ ፍለጋው ይጀምራል።

እዚያ ሰልፍ ላይ የዋናው የወንጀል አለቃ ቤተሰብ አይቆምም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ትልቁን መንካት የፈራ መርማሪ የኮታውን ቁጥር የሚሞላው በባጃጅ ሹፌሩ፣ በተሳፋሪው፣ አንዳንዴም በራሱ በተሻጋሪው ስደተኛ ነው። የእስረኛ ብዛት ለአለቃ በሪፖርት ያምራል፤ የብሩ ሰንሰለት ግን አንድ ቀለበት አይጎድልበትም።

አባቶቻችን ሌባ ለማውጣት ሁለት መንገድ ያውቁ ነበር። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ራሱን ስቶ ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። መድኃኒቱን የሚያጠጣው ሰው ከማን ጋር ቂም እንዳለው የሚጠይቅ የለም። ሌባ ሻይ ሰው ሳይዝ አይመለስም ነበር፤ የያዘው ሌባ መሆኑን ግን የሚያረጋግጥ አልነበረም። በኋላ ዘመን መንግሥት ራሱ ከለከለው። ሁለተኛው መንገድ "በሕግ አምላክ!" ነው። ምንም የሌለው ባላገር ባለጋራውን እንዲህ ሲለው ባለጋራው ይቆም ነበር። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው አብረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር፤ ሁለቱም እኩል ታስረው። ከሳሹ መንግሥት በሆነበት በዛሬው ዘመን የምንጠይቀው ከዚህ አይበልጥም፦ መርማሪውም ከተጠርጣሪው ጋር እኩል ለዳኛ ይታሰር። በየጊዜው የሚመጣውን ረቂቅ አዋጅ በዚህ እንመዝነው። ሌባ ሻይ ነው ወይስ በሕግ አምላክ?

"ኤል ሳልቫዶርን አላያችሁም?" የሚሉን ይኖራሉ። አይተናል። እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 ጀምሮ በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ከ80,000 በላይ ሰው ታሰረ፤ ግድያው በእጅጉ ቀነሰ፤ ሰፈሮች በወሮበላ ከመገበር ዳኑ። ይህን መካድ ለዚያች አገር እናቶች ደንታ ቢስ መሆን ነው። ይሁንና ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ወደ 8,000 የሚሆኑ ንጹሐን መለቀቃቸውን ተናግረዋል፤ ሕጉም እስከ 900 ተከሳሽ በአንድ ላይ እንዲዳኝ ፈቅዷል። ከዘጠኝ መቶ ሰው መካከል የአንዱን "እኔ አይደለሁም" የሚሰማ ዳኛ የት ይገኛል? ይህ ዘዴ ወደኛ ቢመጣ፣ ብሔርና ሰፈር በመታወቂያና በአነጋገር በሚለይባት አገር፣ ማን ላይ እንደሚያርፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

እኔ ይልቅ ሲሲሊን አያለሁ። ማፍያው ዳኛና ፖሊስ በሚገድልበት፣ ሥጋ ሻጩና ሆቴል ቤቱ ሁሉ ግብር በሚከፍልበት ዘመን፣ ጆቫኒ ፋልኮኔ የተባለው ዳኛ ጠረጴዛው ላይ የባንክ ቼኮችን ከምሮ ብሩን ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ፓሌርሞ ላይ ለዚሁ በተሠራ የኮንክሪት ችሎት ወደ 475 የሚጠጉ ተከሳሾች ቀረቡ። ችሎቱ ወደ ሁለት ዓመት ፈጀ። ከሦስት መቶ በላይ ተፈረደባቸው፤ 114ቱ በነጻ ተለቀቁ። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ 114 ነው። በዚያ ሁሉ ደምና ቁጣ መካከል አንድ በአንድ ተሰምተው ማስረጃ ያልተገኘባቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ የፍርዱን ክብደት ማፍያው እንኳ ሊያጣጥለው ያልቻለው በዚህ ነው። ማፍያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 ፋልኮኔን ከነባለቤቱና ከሦስት ጠባቂዎቹ ጋር አውራ ጎዳና ላይ በፈንጂ ገደለው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ባልደረባውን ፓኦሎ ቦርሴሊኖን ገደለ። ጣልያን ሕጓን አጠበቀች፤ ወታደርም ላከች። የፓሌርሞ ሴቶች ደግሞ አንሶላ ላይ ቁጣቸውን ጽፈው ከየሰገነታቸው ሰቀሉ፤ በድብቅ ይጠሉት የነበረውን በአደባባይ ተናገሩ። ሊቤራ የተባለው የማኅበራት ኅብረት አንድ ሚሊዮን ፊርማ አሰባስቦ፣ ከማፍያ የተወረሰ ቤትና መሬት ለማኅበራዊ አገልግሎት እንዲውል የሚያደርገው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዲወጣ አደረገ። ዛሬ በማፍያ መሬት ላይ ወይንና ስንዴ የሚያመርቱ የወጣቶች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። እኛም በ2017 ዓ.ም. የጸደቀ የንብረት ማስመለስ አዋጅ አለን። ከሰው ነጋዴዎች የሚወረሰው ቤት ለማን እንደሚውል የጠየቀ አለ? ከሊቢያ አካሉ ጎድሎ ለተመለሰው ልጅ መታከሚያ ይሁን ብለን ፊርማ ማሰባሰብ ማን ከለከለን?

እንግዲህ እንነሣ፤ የምንሠራው ብዙ ነው።

በየዕድራችን እንጀምር። ዕድር ለሞተ ሰው ድንኳን ሲተክል፣ ንፍሮ ሲቀቅል፣ ሌሊቱን አብሮ ሲያድር ኖሯል። ለታሰረውም ይቁም። ሁለት ሦስት አባላት ተመርጠው ሰው በተያዘ ጊዜ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የወሰደውን ፖሊስና ጣቢያውን ይጻፉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዛል፤ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንዳይሆንም ይከለክላል። አንቀጽ 21 ቤተሰብ፣ ሐኪም፣ የሃይማኖት አባትና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች አንድ ገጽ ላይ አትመን በየዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። አርባ ስምንት ሰዓቱ ካለፈ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይቅረብ፤ ሃምሳ ሰው ችሎት ገብቶ በጸጥታ ይቀመጥ። ሕዝብ የሚያየው ችሎትና ባዶ ወንበር የሚያየው ችሎት አንድ አይደሉም።

ቤዛ የከፈላችሁ ቤተሰቦች፣ አትፈሩ፣ ለየብቻችሁም አትሂዱ። ገንዘብ ያስገባችሁበትን ደረሰኝ፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የደወለላችሁን ስልክ ቁጥር አትጣሉ። አሥር፣ ሃያ ሆናችሁ አብራችሁ አመልክቱ። የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 እናንተን ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ስሙን ጠርታችሁ ጥበቃውን ጠይቁ። አንድ ደረሰኝ ወረቀት ነው፤ ወደ አንድ ሒሳብ የሚሄዱ ሃያ ደረሰኞች ግን ማንንም ሳይደበድቡ ወንጀለኛ የሚያሲዝ ማስረጃ ናቸው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችንም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም፤ ቤዛው ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። ተወልደ ጎይቶም የተባለው ሌላው የበኒ ወሊድ ሰው ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ተፈርዶበት በ2015 ዓ.ም. ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጥቷል። በዚያው ምድር የምትኖሩ፣ የእነዚያን መጋዘኖች ግድግዳ የምታውቁ፣ ቃላችሁ ለአውሮፓ ዐቃቤያነ ሕግም ለአዲስ አበባውም ያስፈልጋል።

ጠበቆች፣ ተራ ገብታችሁ በየጣቢያው ተገኙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከዓመቱ ክርክር ይበልጣሉ። ጋዜጠኞች፣ ያልተፈረደበትን ሰው በካሜራ ፊት ወንጀለኛ አታድርጉ። ዳኞች፣ "14 ቀን ይፈቀድልኝ" ሲባል "ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራህ?" ማለት ሥልጣናችሁ ነው፤ እያንዳንዷን ቀን አስቆጥሩ።

ለእናንተ ለፖሊስ አባላት የምለው በተለይ ነው። በትንሽ ደመወዝ ሌሊቱን በብርድ የምታድሩ፣ ከአጋቾች ጋር ተታኩሳችሁ ጓደኞቻችሁን የቀበራችሁ፣ ጉቦ አንቀበልም በማለታችሁ ከቦታ ቦታ የተገፋችሁ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። ይህ ጥሪ የእናንተም ነው። የሚሸጠው ባልደረባችሁ የሚሸጠው የእናንተን ደም ጭምር ነው። በእስር ቤት ኮሪደር ካሜራ እንዲገጠም፣ የምርመራ ቃል በምስል እንዲቀረጽ፣ የግምገማና የዕድገት ሥርዓታችሁ በታሰረው ሰው ብዛት መለካቱ ቀርቶ በተረጋገጠው ጥፋተኝነትና በተወረሰው ንብረት እንዲለካ ከእኛ ጋር ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት የሚቀርበው ሥራ ግን ምክር ቤቱ ደጅ ያለው ነው። ቋሚ ኮሚቴ በረቂቅ ሕግ ላይ ይፋዊ የሕዝብ ውይይት ሲጠራ አዳራሹ የሚሞላው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተወካዮች ነው። ከእንግዲህ ወንበሩን እኛ እንያዘው። የዕድር ዳኛው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ልጇ ሊቢያ የቀረባት እናት፣ ያለ ጥፋቱ ታስሮ የወጣው ወጣት ጎን ለጎን ይቀመጡ። ማይክሮፎኑ ሲደርሰን እነዚህን እንጠይቅ፦ የስውር መርማሪው ከለላ የትኞቹን ወንጀሎች ብቻ እንደሚሸፍን በዝርዝር ተጽፎ መቼ ይመጣልናል? ስልክ ሲጠለፍና ቤት ሲፈተሽ አስቀድሞ የሚፈቅደው ዳኛ ማን ነው? በዓመት ስንት ስልክ ተጠለፈ፣ ከዚያስ ስንቱ ለክስ በቃ የሚለው ቁጥር ለሕዝብ የሚነበበው በየትኛው ወር ነው? የደበደበውን መርማሪ የሚመረምረው ከፖሊስ ውጭ የሆነ አካል የት አለ? ተከሳሽ ከፍርድ ቤት ሲያመልጥስ በማግሥቱ መልስ ይዞ እዚህ መድረክ ላይ የሚቆመው ኃላፊ ማን ነው?